የአንባቢያን ጥያቄ፦ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ይነሳ፣ ማሽኑ ግን ይቆይ

ለዚህ እትም የመጡልን ጥያቄዎች በርከት ያሉት ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር አለ። ሰው አጠገቡ ባይኖርም፣ ሞኒተርና ኪቦርድ ባይሰካበትም፣ መብራት ሄዶ ቢመጣም ራሱን ችሎ እንዲሠራ ይፈለጋል። አራቱን መርጠናል፤ ሁሉም ከአዳማና ከአካባቢዋ ናቸው።

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በርና የአልጋ ራስጌ የሚቀርጽ፣ በኮምፒውተር የሚመራ ሲኤንሲ ማሽን አስገጥሜያለሁ፤ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ማሽኑን የሚመራውን ሊኑክስሲኤንሲ የሚባል ፕሮግራም ጭነን ነው የምንሠራው። ችግሬ መብራት ነው። በሄደ በመጣ ቁጥር ልጁ ኮምፒውተሩን መክፈት፣ ፓስወርድ ማስገባት፣ ፕሮግራሙን መክፈት አለበት። ልጁ ከሌለ ሥራ የለም። መብራት ሲመጣ ሁሉም ነገር ራሱ ተነስቶ ቅርጹን ካቆመበት እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ የጠየቁት አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ይነሳ የሚለው ይቻላል፤ ከባድም አይደለም። ቅርጹን ካቆመበት ይቀጥል የሚለውን ግን ይተዉት። ማንም ሳያየው በድንገት የሚነሳ ስፒንድል፣ ማለትም መቁረጫውን የሚያዞረው ሞተር፣ ጣት ይቆርጣል።

ጣቱን እንኳ ብንተወው ሥራውም አይወጣም። በእርስዎ ዓይነት ማሽን ላይ በብዛት የሚገጠመው ስቴፐር ሞተር የት እንዳለ የሚናገርበት መንገድ የለውም። ኮምፒውተሩ ነው የላከውን ፐልስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምት፣ እየቆጠረ "አሁን እዚህ ጋ መሆን አለበት" የሚለው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ቆጠራው አብሮ ይጠፋል። ሞተሩም ይለቃል፤ ስፒንድሉ በክብደቱ ወደ ታች ሊንሸራተት ይችላል፣ ወይም አንዱ ሠራተኛ ሰጋቱራ ሲጠርግ በክንዱ ይገፋዋል። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ከዜሮ ይጀምራል፣ መቁረጫው ቢት ግን እንጨቱ ውስጥ እንደተሰካ ነው። እዚህ ላይ "ቀጥል" ማለት በሩንም ቢቱንም መስበር ነው። የግድ ሰው መጥቶ ቢቱን ማውጣት፣ ሆሚንግ ማድረግ፣ ማለትም ማሽኑ ሊሚት ስዊቾቹን ነክቶ ቦታውን እንዲያውቅ ማድረግ አለበት። ሊሚት ስዊች ከሌለው ከምንም በፊት እሱን ያስገጥሙ፤ ዋጋው ከአንድ የተበላሸ በር አይበልጥም። የእንጨቱን ዜሮ ነጥብ ደግሞ ልጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፈው። መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ሳያስቀምጠው ሊቀር ይችላል። ቁጥሩ ካለ ከሆሚንግ በኋላ ያው ነጥብ ይገኛል፣ ቅርጹም ከተቋረጠበት መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊጀመር ይችላል፤ ግን ስፒንድሉ መዞሩን፣ ቢቱም ከእንጨቱ በላይ መሆኑን በዓይን አይቶ ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። ማሽን የሚነዳ ኮምፒውተር ሪል ታይም መሆን አለበት ይባላል፤ ይህ ሲባል ብዙ ሰው ፈጣን ኮምፒውተር ይመስለዋል። አይደለም፤ በሰዓቱ የሚደርስ ኮምፒውተር ማለት ነው። ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ስክሩ ካለዎት፣ ሞተሩ በዙር 200 ስቴፕ ከሆነና ሞተሩን የሚነዳው ድራይቨር እያንዳንዱን ስቴፕ ለ8 ከከፈለው፣ አንድ ዙር 1,600 ፐልስ ይፈጃል። ለ1 ሚሊ ሜትር 320 ማለት ነው። ማሽኑ በደቂቃ 3 ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 16,000 ፐልስ ይፈልጋል፤ ከአንዱ ፐልስ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ 62.5 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሌላ ነገር ይዞት 1 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ 16 ፐልሶች በቦታቸው አልደረሱም። ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ስቴፕ ይስታል፣ ቅርጹ ይዛነፋል። ሰው ደግሞ ሞተሩን ይጠረጥራል፣ ሞተር ይቀይራል፣ ያው ነው።

ስለዚህ የዴስክቶፕዎን ልክ ይወቁ። ሊኑክስሲኤንሲ የራሱ የሌተንሲ፣ ማለትም የመዘግየት፣ መለኪያ አለው። እሱን ከፍታችሁ፣ ኮምፒውተሩን ሆን ብላችሁ አስጨንቁት፤ ትልቅ ፋይል ኮፒ አድርጉ፣ መስኮቶች ክፈቱና ዝጉ፣ ቪዲዮ አጫውቱ፣ እንዲህ እያለ ለሰዓታት ይቆይ። የሚታየው ከፍተኛው መዘግየት ከ15 እስከ 20 ማይክሮ ሰከንድ ከሆነ በጣም አሪፍ ማሽን ነው። ከ30 እስከ 50 ቢሆንም ይሠራል፣ ፍጥነቱ ግን ዝቅ ይላል። 100 ካለፈ ፐልሱን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲፈጥር አያድርጉት፤ ፐልስ የሚፈጥር ሌላ ካርድ ይግዙለት። ከ1 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከሆነ ደግሞ ያ ኮምፒውተር ለቢሮ ሥራ ይሁን።

ቁጥሩ ከከፋ ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ በሚከፈተው ሴቲንግ ውስጥ፣ ግቡና የኃይል ቁጠባውን ሁሉ፣ ሃይፐርትሬዲንግ የሚለውንም አጥፉ። አዲስ ዴስክቶፕ ከአሮጌ ይሻላል ብላችሁም አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ተቃራኒውን ነው የሚያሳየው። ላፕቶፕን ግን ከነጭራሹ አታስቡት። የላፕቶፕ ባዮስ ባትሪውንና ሙቀቱን ለመቆጣጠር ሲል ፕሮሰሰሩን በየመሃሉ ይነጥቃል፤ ሊኑክስ ይህን ብዙ ጊዜ መከልከል አይችልም።

ራሱ እንዲነሳ ማድረጉ ቀላሉ ክፍል ነው። ባዮስ ውስጥ መብራት ከተቋረጠ በኋላ ምን ላድርግ የሚል ቦታ አለ፤ "ተነስ" የሚለውን ምረጡ። ኪቦርድ ባይኖርም አትቁም የሚለውንም እዚያው ታገኙታላችሁ። ከዚያ ሊኑክሱ ፓስወርድ ሳይጠይቅ እንዲገባና ፕሮግራሙን ራሱ እንዲከፍት ይደረጋል። በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ግን ሁሉም የሚረሳው አንድ ነገር አለ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው። እሷ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር የባዮሱ ሴቲንግ አብሮ ይጠፋል፤ ያስተካከላችሁት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ሰዓቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ካስቸገራችሁ ምልክቱ ያ ነው። ቀይሯት።

መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ይግዙ፣ ለኮምፒውተሩ ብቻ። ስፒንድሉን አይሸከምም፣ አያስሞክሩት። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ጋር ከተገናኘ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ በሥርዓት ይዘጋል፤ ሊኑክስ ላይ ለዚህ ነት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ግን እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ዩፒኤሱ ገና ሳይጠፋ መብራት ቢመጣ፣ ኮምፒውተሩ መብራት መቋረጡን ጨርሶ አላየም። ስላላየ አይነሳም፤ እዚያው ጨለማ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። መፍትሔው ነት ከመዝጋቱ በፊት ዩፒኤሱን "አንተም ጥፋ፣ መብራት ሲመጣ ተመለስ" ብሎ እንዲያዘው ማድረግ ነው። ዩፒኤስ ስትገዙ ይህን ትእዛዝ ይቀበላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ሱቁ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት።

ዋናው ነገር ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ አይደለም፣ ኤሌክትሪክ ሳጥኑ ውስጥ ነው። የስፒንድሉና የድራይቨሮቹ መብራት በኮንታክተር፣ ማለትም ትልቅ ኃይል በሚያገናኝና በሚያቋርጥ የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ ይለፍ። ኮንታክተሩ አረንጓዴው ቁልፍ ሲጫን ራሱን የሚይዝ ዓይነት ሆኖ ይታሰር። መብራት ሲሄድ ይለቃል፤ ሲመጣ ሰው አረንጓዴውን እስኪጫን አይመለስም። አዳማ ላይ መብራት አንዳንዴ መጥቶ፣ ሄዶ፣ እንደገና ይመጣል፤ ይህ አሠራር ከዚያም ያድናል። ቀዩ ኢመርጀንሲ ቁልፍ በዚሁ ሽቦ ላይ ይግባ። ቀዩን ስትጫኑ ኮንታክተሩ በቀጥታ መልቀቅ አለበት፤ ኮምፒውተር አስፈቅዶ የሚያቆም ኢመርጀንሲ ኢመርጀንሲ አይባልም። ከኮንታክተሩ አንድ ትርፍ ኮንታክት ወደ ኮምፒውተሩ ይሂድ፣ ማሽኑ መቆሙን እንዲያውቅ። አለበለዚያ ዩፒኤስ ላይ ያለው ኮምፒውተር ሞተሮቹ መሞታቸውን ሳያውቅ በሐሳቡ እየቀረጸ ይቀጥላል።

በፓራለል ፖርት፣ በድሮው የፕሪንተር መሰኪያ፣ ከሆነ የምትሠሩት አንድ ልጨምር። ኮምፒውተሩ በሚነሳበት ሰዓት የፖርቱ ፒኖች እንደፈለጉ ሊበሩ ይችላሉ። ስፒንድል የሚያስነሳው ፒን ከነዚህ አንዱ ከሆነ አደጋ ነው። ሊኑክስሲኤንሲ ቻርጅ ፓምፕ የሚሉት ነገር አለው፦ ፕሮግራሙ በሕይወት እስካለ ድረስ አንድ ፒን ላይ ያለማቋረጥ የሚመታ ሲግናል ይልካል። ኮምፒውተሩንና ድራይቨሮቹን የሚያገናኘው ቦርድ ይህን ምት ካልሰማ ምንም ነገር አያስነሳም። ይህን የሚያውቅ ቦርድ ፈልጋችሁ ግዙ። እና ዴስክቶፑን ከሰጋቱራው አርቃችሁ፣ አየር ማጣሪያ ያለው ሳጥን ውስጥ አስገቡት፤ የአዳማ ንፋስ ብቻውን አቧራ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ራስፕቤሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሠርቻለሁ። ሜሞሪ ካርዱ በየጊዜው እየተበላሸ አይነሳም። ጥሩ ብራንድ የቱ ነው?

መልስ፦ ብራንዱ አይደለም፣ መብራቱ ነው። ካርዱ ላይ እየተጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ፋይሉ ይበላሻል። ካርዱን ለንባብ ብቻ አድርገው፤ በራስፕቤሪው ሴቲንግ ውስጥ ኦቨርሌይ የሚል አለ፣ እሱን ስታበራ የሚጻፈው ሁሉ ራም ላይ ይሆናል። የግድ መቀመጥ ያለበት ነገር ካለ ሌላ ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። ፓይ ውስጥ ሃርድዌር ዋችዶግም አለ፣ ፕሮግራሙ ሲደነዝዝ ቦርዱን እንደገና የሚያስነሳ። አብራው። ፓምፑ ግን ውሃ ሳይኖር እንዳይሠራ የሚከለክለው ተንሳፋፊ ስዊች በቀጥታ ከኮንታክተሩ ጋር ይታሰር።

ጥያቄ፦ አዳማ የምንማር የምህንድስና ተማሪዎች ነን። ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ሲሙሊንክ በሚባለው የሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ሠርተናል፤ ዴስክቶፑ ላይ ላፕቶፑ ሲያያዝ ጥሩ ይሠራል። አማካሪያችን ላፕቶፑን ነቅላችሁ ዴስክቶፑ ብቻውን ያንቀሳቅሰው አሉን። አሮጌ መመሪያ ላይ "ብቻውን የሚቆም" የሚል አማራጭ አየን፣ እኛ ጋ ግን የለም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ያያችሁት መመሪያ የድሮው ኤክስፒሲ ታርጌት ነው። በእሱ ጊዜ ተራ ዴስክቶፕ ታርጌት፣ ማለትም ሞዴሉን የሚያስኬድ ኮምፒውተር፣ መሆን ይችል ነበር፤ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ እና ሞዴሉ አንድ ላይ ተጠቅልለው ዲስኩ ላይ ይቀመጡና ኮምፒውተሩ ሲበራ ሞዴሉ ራሱ ይነሳ ነበር። ከ2020 ሁለተኛው እትም ወዲህ ተተኪው ሲሙሊንክ ሪል ታይም ኪውኤንኤክስ በሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ሆኗል፤ የሚሠራውም ስፒድጎት በሚባል ኩባንያ ማሽኖች ላይ ነው። እነዚህ ለተማሪ ኪስ አይደሉም። ጊዜያችሁን በፍለጋ አትጨርሱ።

ለእናንተ የሚሻለው ከሞዴሉ የሲ ኮድ ማውጣትና ሊኑክስ ላይ ማስኬድ ነው። ኮድ ለማውጣት ፈቃዱ ከሌላችሁም መቆጣጠሪያው ፒአይዲ፣ ማለትም በስህተቱ መጠን፣ በድምሩ (ኢንተግራል) እና በለውጡ ፍጥነት (ዴሪቫቲቭ) የሚሠራው፣ ከሆነ በእጅ ጻፉት፣ ጥቂት መስመር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፉም እሱ ይሻላል፤ ፈታኙ ሲጠይቃችሁ እያንዳንዱን መስመር ታውቁታላችሁ። ለረጅም ዓመታት ለብቻው እየተለጠፈ ይጫን የነበረው፣ ሊኑክስን ሪል ታይም የሚያደርገው ፓች ደግሞ በ2024 መጨረሻ በወጣው በ6.12 ከርነል ዋናው ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል፤ ከርነሉ ሲሠራ አማራጩን ማብራት ብቻ ነው።

ኮዱ ላይ ተማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ቦታ አለ። ሉፑ፣ ማለትም ተደጋግሞ የሚዞረው የኮዱ ክፍል፣ በ1 ሚሊ ሰከንድ እንዲዞር ፈልጋችሁ ሥራውን ትሠሩና "1 ሚሊ ሰከንድ ተኛ" ትላላችሁ። ሥራው 0.1 ከወሰደ ሉፑ 1.1 ሆነ። መቆጣጠሪያው ግን 1 ነው ብሎ ነው የሚያሰላው፤ ኢንተግራሉም ዴሪቫቲቩም ይዛባሉ፣ እናንተም ጌይን፣ የማባዣ ቁጥሮቹን፣ ስትነካኩ ታመሻላችሁ። ከአሁን ጀምሮ ይህን ያህል ተኛ አትበሉት፤ እስከዚህ ሰዓት ድረስ ተኛ በሉት፣ በየዙሩም ሰዓቱ ላይ 1 ሚሊ ሰከንድ ደምሩ። ሌላው፣ ፕሮግራሙ ሲጀምር ሜሞሪውን ይቆልፍ፣ ፊፎ የሚባለውን የሪል ታይም ቅድሚያ ይውሰድ፣ ሉፑ ውስጥ ስክሪን ላይ መጻፍም ፋይል መክፈትም ፈጽሞ አይኑር። ዳታ ማስቀመጥ ካስፈለገ ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ሌላ ትሬድ፣ ማለትም በጎን የሚሄድ የፕሮግራሙ ክፍል፣ ይጻፈው።

ሁለት ትሬድ ከመጣ ደግሞ ሙቴክስ፣ የጋራ ዳታን በተራ የሚያስይዝ ቁልፍ፣ ይመጣል። በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ መንኮራኩር ፓዝፋይንደር ኮምፒውተሯ ደጋግሞ ይነሳባት የነበረው በዚህ ነው። ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው የአየር ሁኔታ ሥራ ቁልፉን ይዞ ሳለ መካከለኛው ሥራ እሱን ያስቆመዋል፤ ከፍተኛው ሥራ ቁልፉን ሲጠብቅ ሰዓቱ ያልፍበታል፤ ዋችዶጉ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ብሎ ሁሉንም እንደገና ያስነሳል። መሐንዲሶቹ ቁልፉን የያዘው ሥራ የሚጠብቀውን ሥራ ቅድሚያ ለጊዜው እንዲወስድ የሚያደርገውን፣ የቅድሚያ ውርስ የሚባለውን ሴቲንግ ከምድር ሆነው አብርተው ፈቱት። እናንተም ሙቴክሱን ስትፈጥሩ ይህንኑ አብሩ። ፈታኝ ፊት የምትናገሩት ጥሩ ታሪክም ነው።

ብቻውን እንዲነሳ ፕሮግራሙን ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው የሲስተምዲ ሰርቪስ አድርጉት፤ ሲወድቅ ራሱ እንዲነሳም እዚያው ይጻፋል። ግን ሲነሳ ምን ያደርጋል? ይህን አማካሪያችሁ ባይጠይቋችሁም እናንተ መልሱ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የምታዩዋቸውን የንፋስ ኃይል ተርባይኖች አስቡ፤ አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት 102 ናቸው፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት። እያንዳንዱ ተርባይን የራሱ መቆጣጠሪያ አለው። እንዲህ ያለ ተርባይን የኤሌክትሪክ መስመሩ ሲቋረጥበት ማንንም አይጠይቅም፤ በተጠባባቂ ኃይል ክንፎቹን ለንፋሱ በስሱ አዙሮ ይቆማል። የእናንተም ሞተር እንዲሁ፦ ፕሮግራሙ ሲነሳ የመጀመሪያው ሥራው ውጤቱን ዜሮ ማድረግ ይሁን፣ ኢንተግራሉን ያጽዳ፣ ከዚያ የመነሻ ቁልፍ ይጠብቅ። ሞተሩ ገና እየዞረ ሳለ ፕሮግራሙ ወድቆ ቢነሳስ? ፍጥነቱን አንብቦ እስኪቆም ይጠብቅ። ይህን ጠረጴዛው ላይ በሁሉም ፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ አሳዩ፤ ከአሥር ስላይድ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ ስላጣሁ ጫጩት ማስፈልፈል ጀምሬያለሁ። ማስፈልፈያ ሳጥኑን አናጢ ሠራልኝ። አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ፤ በዩኤስቢ ሪሌይ፣ በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማብሪያ፣ ሂተሩን ራሱ እንዲቆጣጠር ላድርገው ወይ? መብራት ሲሄድ ሲመጣስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ላፕቶፑን ለሒሳብሽ አስቀምጪው። እንቁላል በማይክሮ ሰከንድ አይጣደፍም፤ ሙቀቱ በደቂቃዎች ነው የሚለወጠው። ሪል ታይም አያስፈልግሽም፣ የሚያስፈልግሽ የማይደነዝዝ ነገር ነው። ዊንዶውስ ሂተሩን አብርቶ ሳለ ቢደነዝዝ ሪሌዩ እንደበራ ይቀራል። ጠዋት የምታገኚው የተቀቀለ እንቁላል ነው። አርዱዊኖ የምትባል ትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ ግዢና ውስጡ ያለውን ዋችዶግ አብሪ፤ በተለመዱት ላይ እስከ 8 ሰከንድ ይሞላል፣ ፕሮግራሙ ከደነዘዘ እንደገና ያስነሳዋል። ኮድ መጻፍ ካልወደድሽ የተዘጋጀ ዲጂታል ቴርሞስታትም ይበቃል።

እላይ ለጋሼ ማሽኑ ራሱ አይነሳ ብያለሁ። ያንቺ ተቃራኒው ነው። መብራት ሲመጣ ሂተሩ ማንንም ሳይጠብቅ ወዲያው መመለስ አለበት፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረንጓዴ ቁልፍ የሚጫን የለም። ግን ከላይ ገደብ ያስፈልገዋል። ማራገቢያ ላለው ሳጥን 37.5 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈለገው። ለብቻው የሆነ ሜካኒካል ቴርሞስታት 39 ላይ ሂተሩን እንዲቆርጥ በሽቦው ላይ በቀጥታ ይግባ፣ ከአርዱዊኖው ጋር ምንም አይገናኝ። እንቁላል ለጥቂት ጊዜ መቀዝቀዝን ይችላል፤ ከልክ ያለፈ ሙቀትን ግን አይችልም።

የሙቀት ሴንሰሩ ምናልባት ዲኤስ18ቢ20 የሚሉት ይሆናል፤ ርካሽም ጥሩም ነው። ሽቦው ሲላቀቅ ግን የተለመደው ላይብረሪ፣ ሴንሰሩን የሚያነብበው የተዘጋጀ ኮድ፣ ከዜሮ በታች 127 ብሎ ያነብብልሻል። ያልተጠነቀቀ ኮድ ይህን ሲያይ "ኧረ በጣም በረደ" ብሎ ሂተሩን ያለማቋረጥ ያነዳል። ገና ሲነሳ ደግሞ 85 ሊል ይችላል። ስለዚህ ከ10 በታች ወይም ከ45 በላይ ያነበበ እንደሆነ ሴንሰሩ እንደተበላሸ ቁጠሪው፤ ሂተሩ ይጥፋ፣ የማስጠንቀቂያ ቡዘር ይጩህ። ቡዘሩ የራሱ ባትሪ ይኑረው፣ መብራት ሲሄድም እንዲጮህ። ሽቦውን አስረዝመሽ የምትተኚበት ክፍል አስገቢው፤ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ቢጮህ የሚሰማው ዶሮ ብቻ ነው።